ጥፍር የሚያውቀው ዋልያ

«ጣቱ ላይ ነው የሰፈረበት፣ የኔታ» አለች እታለም። «ሌላው አካሉ ደኅና ነው። እህሉን ይበላል፣ ጸሎቱን ያደርሳል። ጣቱ ላይ ግን የሆነ ነገር አለ።»

ምሳው ይህን የሰማው ጓዳ ውስጥ በጣሳ ውኃ ፊቱን ሲታጠብ ነው። እናቱ እታለም ከንስሐ አባታቸው ከመሪጌታ ኪዳኑ ጋር ደጅ ቆማለች፤ የጓዳው መስኮት መስተዋቱ በጦርነቱ ጊዜ ረግፎ በማዳበሪያ ከረጢት ከተሸፈነ ወዲህ ውጭ የተነገረው ሁሉ ቤት ይገባል። መጀመሪያ የደነቀው ነገሩ አልነበረም፤ አነጋገሯ ነው። እናቱ አጎቷን አባባ የኔሰውን በፊታቸውም ሆነ በሌሉበት «እሳቸው» ከማለት በቀር ሌላ ስትል ሰምቷት አያውቅም። ዛሬ «ጣቱ» አለች፤ ስለ ታመመ በሬ እንደሚወራ።

«ሰው ደበደበ? ልብሱን ጣለ?» አሉ መሪጌታው።

«ቴምብሬን ለወጣችሁብኝ ይላል። ሌባ ናችሁ ይላል። ባለፈው እሑድ ደግሞ ለጎረቤት አወራው፤ ፖሊስ ጥሩልኝ አለ። ዓይኑ ከጠፋ ስምንት ዓመቱ ነው፣ የኔታ። አጥቤ፣ መርቼ፣ አቅርቤ፣ ዛሬ ሌባ ልባል?»

«ተዪ፣ አታልቅሺ» አሏት። አላለቀሰችም ነበር። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመምህር ሀይሉ ጋር መጥተን እናየዋለን። እንዳልሽው ከሆነ ነገ ጧት ጸበሉ ወዳለበት ወደ ደሃና የሚሄድ መኪና አይጠፋም። ጸበሉ ስንቱን በሰንሰለት ታስሮ የመጣ በእግሩ መልሷል።»

ቤቱ የሽማግሌው ነው። አባባ የኔሰው አርባ ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት መስኮት ጀርባ ቆመው ሲያገለግሉ ያቆሙት የድንጋይ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍልና ጓዳ። ዓይናቸው በግፊት በሽታ ከጠፋ በኋላ ደግሞ በእጃቸው ዳግመኛ ሠርተውታል ማለት ይቻላል። ከአልጋቸው ተነሥተው የግድግዳውን ስንጥቅ ይዘው በሩ መቃን ላይ እስካለችው ምስማር ይደርሳሉ፤ ከምስማሯ አራት እርምጃ መደቡ ነው፤ ከመደቡ ጫፍ ጀምሮ የተወጠረ ገመድ ሽንት ቤት ያደርሳቸዋል። ሰው ሲገባ ጎንበስ ብሎ ፊቱን መዳፋቸው ላይ ማድረግ የቤቱ ሥርዓት ነው። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን ይዳስሱና ስሙን ጠርተው ይስማሉ። ስተው አያውቁም። ከዚህ ቤት ውጭ ግን ሌላ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ለዘመድ ልቅሶ ደሃና ተወስደው፣ ሦስት ቀን ከአንድ ቁርበት ላይ ሳይነሡ፣ ሽንታቸውን ይዘው የሚመራቸው ሰው ሲጠብቁ ሰንብተው ነበር። ሲመለሱ «ዕውር በገዛ ቤቱ ሰው ነው፤ በሰው ቤት ዕቃ ነው» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ በሰው ተመርተው ቤተ ክርስቲያን ከመሳም በቀር ለቀብር እንኳ አልወጡም።

ምሳው ፊቱን ጠርጎ ሲገባ መደቡ ላይ ተቀምጠው አልበሙን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። ጎንበስ አለላቸው።

«ምሳው። ፂም ልታሳድግ ነው ወይስ ምላጭ ተወደደ?»

«ተወዷል፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ቄስ ትሆናለህ።» ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ ደረቀ። «የኔታ መጥተው ነበር። ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም። ይምጡ፤ እኔም ሽማግሌ ይየኝ እያልሁ ነበር። ግን ዳኛ ምስክር ይፈልጋል። የኔ ምስክር አንተ ነህ። በዚህ ከተማ ውስጥ የቴምብርን ዘር የሚለይ ከኔ በቀር አንተ ብቻ ነህ።»

እውነት ነው። ምሳው አባት የለውም፤ ልጆች ኳስ ሲራገጡ እሱ የሽማግሌውን አልበም ሲገልጥ ነው ያደገው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ያላለፈባቸውን ትምህርቶች ሁሉ ረስቷቸዋል፤ ይህኛው ግን ከነቃሉ አለ። ቴምብር ሦስት ዘር ነው ይሉ ነበር አባባ የኔሰው፤ የሚያብጥ፣ የሚረግጥ፣ የሚለስን። የሚያብጠው ብረቱ በስለት ተፍቆ፣ ቀለሙ ፍቁ ውስጥ ተኝቶ፣ ወረቀቱ በኃይል ሲጫነው ከጉድጓዱ ቀለም ይዞ የሚነሣው ነው፤ ሲደርቅ መስመሩ ሁሉ እንደ ዳነ ቁስል ጎልቶ ይቀራል፣ በጥፍር ይነበባል። የሚረግጠው ጎልቶ በተቀረጸ ብረት የሚታተመው ነው፤ ገልብጠህ ጀርባውን ብትዳስስ የረገጠበት ዱካ አለ፣ ቀለሙም ተገፍቶ የፊደሉ ዳር ዳር ላይ ይጠቁራል። የሚለስነው የዛሬው ነው፤ ቀለሙ እንደ ልስን ከላይ ይለጠፋል፣ ጥፍር አይዘውም፣ በማጉያ መነጽር ስታየው ሥዕሉ ሥዕል አይደለም፣ የነጥብ መንጋ ነው። ወረቀት እንዴት እንደተወለደ አይደብቅም ይሉ ነበር፤ የሚደብቀው ሰው ነው።

ከሁሉም የሚወዱት ዋልያውን ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ የሚያብጥ፣ ከአንድ የአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ። ቀንዱ ላይ አሥራ አንድ ቋጠሮ አለው። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ጧት ጧት ከጸሎት ቀጥለው በቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ከሥሩ እስከ ጫፉ ይቆጥሩታል፤ ለዚሁ ሲሉ ያንን አንድ ጥፍር አያስቆርጡትም።

«ከፋሲካ ወዲህ ቀንዱ የለም» አሉ አሁን። «ጥፍሬ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደወጣ ፍየል ይንሸራተታል። የወረቀቱ ዳር ዳር ጥርስም ይዋጋኛል።» ዋልያውን ከተኛበት ላስቲክ አውጥተው፣ ወረቀት ውስጥ አጥፈው፣ ከትራሳቸው ሥር ማጉያዋን ጨምረው ሰጡት። «ሥራ ቦታህ ብርሃን አለ፤ እይው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያየኸውን ብቻ ተናገር። ከዚህ ቤት የምወጣውም የምቀረውም ባንተ ዓይን ነው።»

«እሺ፣ አባባ» አለ ምሳው። ጓዳው በር ላይ እናቱ ቆማ ኖሯል። ቁርሱን አስቀምጣለት ወደ ገበያ ወጣች።

የምሳው ሥራ ቦታ መናኸሪያው ጥግ ያለ የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጥቁርና ነጭ አምስት ብር፣ ባለ ቀለም ሠላሳ፣ ማመልከቻ ማስጻፍ በስምምነት። ባለቤቱ ምንይሉ ወሬ የሚወድ፣ ደሞዝ ሲሰጥ የሚያመው ሰው ነው። ያን ቀን ጧት ከዝቋላ ወረዳ ትናንት ተነሥታ በእግሯ የመጣች አንዲት ሴት መታወቂያዋን በቀለም አስገልብጣ ወረቀቱን እያገላበጠች ቆማለች። ለእህል እርዳታ ምዝገባ ነው።

«ወንድሜ፣ ይኸ ግንባሬ ላይ ያለው ምንድነው? እኔ እንዲህ ያለ ጠባሳ የለኝም።»

«የዕድልሽ መስመር ነው፣ እናቴ» አለ ምንይሉ። «እኛ ጋ የመጣ ሁሉ ዕድሉ ተጽፎለት ነው የሚሄድ። ለሱ አላስከፈልሁሽም።»

«ዕድሌንስ እኔም አውቀዋለሁ፤ አይመልሱኝም ወይ?»

«አይመልሱሽም። ሰቆጣን ያህል ከተማ በዚህ መስመር ነው የሚተዳደረው።»

መስመሯ የማሽኑ ናት። ውስጡ በሚሽከረከረው ከበሮው ላይ ጭረት አለ፤ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ይመጣል ከተባለ ዓመት ሞላው። በቀለም የሚታተም ወረቀት ሁሉ ከግራው ዳር አራት ጣት ገባ ብሎ ከላይ እስከ ታች ጸጉር የመሰለች ግራጫ መስመር ይዞ ይወጣል። ሴቲቱ ሠላሳ ብሯን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ከፍላ፣ ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከትታ ሄደች። ምሳው ወደ በሩ ብርሃን ወጣና የታጠፈውን ወረቀት ፈታ፤ ዋልያውን መዳፉ ላይ አኑሮ ማጉያዋን አስጠጋ።

ዋልያው አልነበረም። ቢጫና ሰማያዊ ጥቃቅን ነጥብ፣ አልፎ አልፎ ቀይ፣ ሜዳ ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ ተዘርቷል፤ ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ፣ ቀርበው ሲያዩት ግን አረንጓዴ የሚባል ነገር የለበትም። ቀንዱ ቋጠሮ የለው፣ መስመር የለው። የጥርሱ ቀዳዳዎች ተቆርጠው የወጡ አይደሉም፤ መርፌ ወግቷቸው ወረቀቱ ወደ ኋላ ከንፈር አውጥቷል። ይህ ሁሉ ሌባ አለ ያሰኛል እንጂ ማን እንደሆነ አይናገርም ነበር። በመጨረሻ ያያት ግን ተናገረች። በዋልያው ዓይንና በቀንዱ ሥር መካከል፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጸጉር የመሰለች ግራጫ መስመር።

ማጉያዋን ከዓይኑ አውርዶ ቆመ። ባለፈው ጥር ላይ ነበር። ጦርነቱ አንዴ መጥቶ የከተማውን ግማሽ መዝገብ አቃጥሎ ሄዷል፤ ሌላ ጊዜ ቢመጣስ ብሎ፣ ለሽማግሌው ሳይነግር፣ አልበሙን በምሳ ሰዓት አምጥቶ ገጽ በገጽ በወፍራም ወረቀት በቀለም አተመው። መጠኑን እንኳ አልለወጠም፤ በጸጉር ያህል እንኳ ሳይዛባ እንዲወጣ ተጠቦበታል። ምንይሉ ግማሽ ደሞዙን ለቀለም ቆርጦበታል። ወረቀቶቹን በፖስታ አሽጎ «እንዳይጠፋ» ብሎ ለእናቱ ነበር የሰጣት።

«ምን ሆንህ? ጅብ ያየህ መሰልህ» አለ ምንይሉ።

«መጣሁ» አለና ወጣ።

ልብስ ሰፊዎች የሚቀመጡት ከገበያው በላይ ባለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። እታለም አሮጌ ሲንጀሯ ላይ ጎንበስ ብላ የትምህርት ቤት ሱሪ ታጠብባለች። ቀና ብላ አየችው፣ እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየች፣ ፔዳሏን መርገጥ ግን አላቆመችም። ከጎኗ የምትሰፋው ሴት የወልድያ ልጅ ናት፤ ስለዚህ እናቱ ነገሩን በኽምጣና ጀመረችው። እቤት ውስጥ ለቁጣና ለምስጢር ካልሆነ በዚያ ቋንቋ አትናገርም።

የምሳው እህት ሰገነት በባሕር ተሻግራ የመን ላይ ደላሎች ሲይዟት ስልክ የደወሉት ለእታለም ነበር። ገንዘብ ላኪ እያሉ ልጅቷን እያስጮኹ አሰሟት። ያንን ምሳው ያውቃል። የማያውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። እታለም ከአጎቷ እግር ሥር ወድቃ አልበሙን እንሽጠው ብላ ለመነች። አንድ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ የአዲስ አበባ ሰው ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቋቸው ነበር። አባባ የኔሰው ዋልያቸውን እየቆጠሩ ሰሟትና አንድ ነገር ብቻ አሏት።

«ማን ሂጂ አላት?» አለች እታለም፣ ይህንኑ በአማርኛ፣ በሳቸው ድምፅ። «ይኸን ነው ያለኝ። ጥፍሩን እንኳ ከወረቀቱ አላነሣም።»

እሷ አላለቀሰችም። የምሳውን ወረቀቶች በመቀስ ቆረጠች፣ ክር ያልገባበት የሲንጀር መርፌ ዳር ዳሩን ወግቶ ጥርስ አወጣላቸው፣ ሽማግሌው ለሰሙነ ሕማማት ስግደት ቤተ ክርስቲያን ሲውሉ አንድ በአንድ ለወጠቻቸው። እውነተኞቹን የአዲስ አበባው ሰው ገዛ፤ ልጅቷ ተለቀቀች። አሁን ሪያድ ሰው ቤት ታጥባለች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ አባባስ ደኅና ናቸው ብላ ትጠይቃለች።

«በኔ ወረቀት» አለ ምሳው።

«በምን ልሥራው ታዲያ? ባንተ ወረቀት፣ በኔ መርፌ። እሱ ፖሊስ ይጠራ ብሏል። ሲጠራ የሚወሰደው ሁለታችን ነን።» ፔዳሉ ቆመ። ከዚያ ድምፅዋ ረገበ፤ ወደ አማርኛውና ወደ አክብሮቱ ተመለሰች። «ያው ነው በል፤ ሌላ አልጠይቅህም። ነገሩ በዚህ ካበቃ የጸበሉን እኔ አስቀረዋለሁ። እዚሁ ቤታቸው ይቀመጣሉ። እናትህ ነኝ፣ እምልልሃለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ገና እያጉረመረመ ነበር። መሪጌታ ኪዳኑና ጡረተኛው መምህር ሀይሉ ጃንጥላቸውን በር ላይ አቁመው፣ ተራ በተራ ጎንበስ ብለው በሽማግሌው መዳፍ ታውቀው ተቀመጡ። መምህር ሀይሉ የማሽላ ዋጋ ምን ላይ እንደደረሰ፣ የወልድያ መንገድ የት ላይ እንደተናደ አወሩ። እታለም ጠላ ቀዳች። ስለመጡበት ጉዳይ ማንም ሳይናገር አንድ ጣሳ አለቀ። ከዚያ አባባ የኔሰው ራሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚያብጠውን፣ የሚረግጠውን፣ የሚለስነውን፣ አርባ ዓመት መስኮት ጀርባ እንደተናገሩት ረጋ ብለው አስረዱ። ምሳው የመለሰላቸውን ዋልያ ከነአልበሙ ለመምህር ሀይሉ አቀበሏቸው።

«እኔ እንጃ» አሉ መምህር ሀይሉ ወረቀቱን ከአፍንጫቸው አስጠግተው አርቀው። «ፍየል ነው። ፍየል ካልሆነም ዋልያ ነው። ቀንድ አለው። የኔሰው፣ አንተ ሰው፣ ይኸ ሁሉ ጠብ በቀንድ ነው?»

«ለዓይን አይደለም። ለጥፍር ነው። ምሳው ያውቃል፤ ጧት መነጽር ሰጥቼዋለሁ።»

ሁሉም ወደ ምሳው ዞሩ። እናቱ ብቻ አልዞረችም፤ የጠላውን ጣሳ በጨርቅ ትጠርጋለች። መሪጌታው መስቀላቸውን ከካባቸው አወጡና «ልጄ፣ በሥላሴ ፊት ነህ። ቴምብሩ የድሮው ነው ወይስ ሌላ?» አሉት።

«ያው ነው» አለ ምሳው።

የሽማግሌው ፊት አልተለወጠም። የሰሙ አይመስሉም ነበር። «በመነጽሩ አየኸው?»

«አየሁት፣ አባባ።»

«ነጥብ ነው መስመር?»

«መስመር ነው።»

«ቀንዱስ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። አንድ ጊዜ የዋሸ አፍ ግን ባዶ ቦታ አይወድም። «ያበጠ ነው» አለ። «አሥራ አንዱም ቋጠሮ አለ። ቆጥሬዋለሁ።»

አባባ የኔሰው ዋልያውን ከነአልበሙ ከመምህር ሀይሉ እጅ ተቀብለው አውራ ጣታቸውን ከቀንዱ ሥር አኖሩና ወደ ላይ ሳቡት። ቀስ ብለው። እንደገና። ጥፍሩ ሲንሸራተት ሁሉም አዩ፤ ለሌሎቹ ግን ጥፍር ወረቀት ላይ ሲንሸራተት ምንም ማለት አልነበረም። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «መስቀልዎን ይስጡኝ፣ የኔታ» አሉ። የመስቀሉን ሐረግ በጣታቸው ዞሩት፤ ጠመዝማዛውን፣ መጋጠሚያውን፣ የተሸረፈችውን ጫፍ።

«ይኸ ሐረግ ያለው ይመስለኛል። አለው ወይ?»

«አለው» አሉ መሪጌታው።

«እንጃ እንግዲህ» አሉ አባባ የኔሰው። «ጣቴ መስቀሉን ያውቃል፣ ቀንዱን ይስታል። ዓይኔ ሲሞት ነግሮኝ ነው። ጣቴ ግን ሳይነግረኝ ሞቷል።» አልበሙን ዘጉትና መደቡ ላይ ገፉት። «እታለም፣ ይቅር በይኝ። ልጄ፣ ሌባ አልኋችሁ። ለጎረቤትም እነግራለሁ።»

መምህር ሀይሉ አንገታቸውን ደፉ። መሪጌታው አማተቡና፣ እንግዲህ ደዌውን ባለደዌው ከተቀበለው ግማሹ ድኗል፣ የቀረውን ጸበሉ ይጨርሰዋል፣ ነገ ሲነጋ ይነሣሉ አሉ። ምሳው እናቱን አያት። ጣሳው ጠርቷል፤ አሁንም ትጠርገዋለች። «እናቴ» አለ። ቀና አላለችም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፣ ሽማግሌዎቹ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ እታለም ተከትላ ሸኘቻቸው፤ ስለ ጸበሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስትመለስ አንድ ወዛደር ሲንጀሯን ተሸክሞ ከኋላዋ ነበር። «የገበያው ጥላ ያፈሳል» አለች ለማንም ሳይሆን፣ «እስከዚያው እዚህ ትቀመጥ» ብላም ከበሩ ምስማር አራት እርምጃ ላይ፣ መደቡ ጫፍ፣ ገመዱ ከሚጀምርበት ቦታ አስቀመጠቻት። ገመዱን ፈትታ ጠቀለለችው።

ምሳው የሽማግሌውን ጓዝ እንዲያሰናዳ ታዘዘ። ጋቢ፣ አንድ ሸሚዝ፣ ዳዊት፣ የውኃ ጀሪካን። አልበሙን የሚያስታውሰው አልነበረም። ጓዙን ቋጥሮ ወደ አልጋቸው ሲቀርብ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ ፊቱን ሰጣቸው። እጃቸው በልማድ ተነሣ፤ መዳፋቸው ግንባሩን ነካ፣ ወደ አፍንጫው ወረደ፣ ያልተላጨውን አገጩን አገኘ። ምሳው ስሙን ጠበቀ። እጃቸው ግን ከፊቱ ላይ ተነሣና ወደ ጋቢያቸው ገባ።

«ማነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ጣቴ ምሳው ነው ይለኛል። እሱን ግን አላምነውም። አንተ ንገረኝ።»

«ምሳው ነኝ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ፤ ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ያልገባውን ነገር መምህሩን አምኖ እንደሚቀበለው።

«አንተ ካልህ ነው» አሉት።